የረቡዕ በረራ ከቀየት በላይ

ለእማዬ፣ ከልጅሽ እጅ ይድረስ።

እንዴት ሰነበትሽ እማዬ? ጉልበትሽን እንዴት አደረገሽ? ውርጩ ገብሱን ተወላችሁ ወይስ ዘንድሮም ቀመሰው? ግራጫዋ በግ ወለደች? አጎቴ አወቀስ እንደ ወንድም ደግፎ ይዞሻል? እኔ ለጤናዬ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ደብረ ዘይት ይሞቃል፤ ያስያዝሽኝ የበግ ጠጉር ባና ሻንጣ ውስጥ እንደተጣጠፈ ተኝቷል።

ከሰላምታዬ አንድ ሰው መጉደሉን ሳታስተውዪ አትቀሪም። አልረሳኋቸውም። ይህን ደብዳቤ ለማንም አታስነብቢ። በመሠረተ ትምህርት የቆጠርሽው ፊደል ይበቃሻል፣ እኔም ለዐይንሽ እንዲመች ጎላ አድርጌ ጽፌዋለሁ።

መጀመሪያ ስለ ኩርፊያዬ ልናዘዝ። ወደዚህ የመጣሁ ዕለት አባባ ሽመናቸው ላይ ነበሩ። ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም። ሰው የተፈጠረው ለምድር ነው፣ ሴት ልጅ ደግሞ ሰማይ ላይ ምን ጥሏት አሉና መወርወሪያቸውን ወረወሩ። ሳይመርቁኝ ወጣሁ። በኋላ በስልክ ለዘብ ብለው ስለ አውሮፕላኗ ይጠይቁኝ ጀመር። ትንሽ ናት አልኳቸው፣ መምህርና ተማሪ ጎን ለጎን የሚቀመጡባት። ሞተሯ እንደ ጄቶቹ ነው የሚነድደው፣ የሚጎትታት ግን አፍንጫዋ ላይ የሚሽከረከረው ፕሮፔለር ነው ስላቸው፣ እንግዲያው እናትሽ ስታሾረው የምትውለው እንዝርት ነው በይኛ ብለው ሳቁ። ምርቃቱን ግን አላወጡትም። እኔም አልጠየቅኩም። የማንን እልህ እንደወረስኩ አንቺ ታውቂያለሽ።

ከዚያ አንድ እሑድ ስደውል ጠበል ሄደዋል አልሽኝ። በሚቀጥለው ዘመሮ ገበያ ወርደው እዚያው ሰንብተዋል። በሦስተኛው ጉንፋን ድምፃቸውን ዘግቶታል። አጎቴ አወቀ ከኋላሽ ሆኖ እየሳቀ አዎ፣ አዎ ይላል። እንዲህ እንዲህ እያልን ስድስት እሑድ ሄደ። መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ አባትሽ ሰላም ብለውሻል ትይኛለሽ፣ ድምፅሽም ሠርግ ቤት እንደዋለች ሴት ይደምቃል። እኔ አኩርፈውኝ ነው ብዬ አሰብኩ። ስለዚህ እኔም አኮረፍኩ። በአምስተኛው እሑድ ሰላም በይልኝ ማለቱን ራሱ ተውኩት። እማዬ፣ አንጀቴን የምትበላው ይህቺ ናት።

ባለፈው ረቡዕ በካርታ አቅጣጫ እየያዙ የመብረር ልምምድ ነበረን። መምህሬ ሻምበል ተገኘ መስመሩን ሲሰጡኝ ዐይኔን ማመን አቃተኝ፤ በደብረ ብርሃን አድርጎ፣ መንዝን አቋርጦ፣ ራቤል ላይ ዞሮ መመለስ ነው።

ማለዳ ነበር፣ ጉሙ ገና ከገደሉ አልወጣም። ከላይ ሲያዩት መንዝ ሌላ አገር ነው እማዬ። እኛ ግማሽ ቀን ወርደን ግማሽ ቀን የምንወጣው ሸለቆ፣ ሳታስቢው ከሥርሽ ያልፋል። ጥላችን ገብሱ ላይ እየተንሸራተተ በጎቹን አቋርጦ ይሄዳል፣ በጎቹ ግጠታቸውን አያቋርጡም። የሞተሩ ድምፅ አንድ ዓይነት ስለሆነ ጆሮ ሲለምደው ዝምታ ይሆናል። ነቅቼ እየበረርኩ ነው ወይስ እልፍኛችን ተኝቼ እያለምኩ ነው እስክል ድረስ። ተማሪ ቤት ስሄድ የማለቅስበትን አቀበት ፈለግሁት፤ ከነጠላ ጥለት አይሰፋም።

ቀየትን እንዳለፍን ቤታችንን አገኘሁት። ግቢው ውስጥ የዕድሩ ድንኳን ተተክሏል፣ ሰዉም ነጭ ለብሶ ሞልቷል። እኔን ሳይጠሩ ማንን ሊድሩ ነው ብዬ ሳቅሁ። ቤታችን መሆኑን ለሻምበል ነገርኳቸው። እሳቸውም ሠርግ ነው መሰለኝ፣ ዝቅ ብለን ክንፍ እናወዛውዝላቸው አሉኝ። ዝቅ ብለን ዞርን። ያን ጊዜ የአባባን የሽመና ዳስ ፈለግሁ። ክዳኑ ተነሥቷል። እግራቸውን ሰድደው የሚሠሩበት ጉድጓድ ተደፍኗል፣ አዲሱ አፈር ከላይ ያስታውቃል። አባባ እያሉ ያንን ጉድጓድ ማን ደፍሮ ይደፍነዋል?

ድምፃችንን ሲሰማ ሰዉ ሁሉ ቀና አለና መልሶ አቀረቀረ። አንቺ ግን ከድንኳኑ ወጣሽ። ትንሽ አውሮፕላን ባለፈች ቁጥር የኔ ልጅ ናት እንደምትይ አጎቴ ነግሮኛል። ጥቁር ለብሰሽ ነበር። ከአንዷ ሴት ትከሻ ላይ ነጭ ነጠላ ነጠቅሽና በጥቁሩ ላይ ደረብሽው። ከዚያ ሁለት እጅሽን ወደ ላይ አንሥተሽ፣ ደስ እንዳላት ሴት አውለበለብሽልኝ።

ስንመለስ ጠበል ሄደዋል ካልሽኝ እሑድ ዋዜማ ተነሥቼ ቆጠርኩ። ረቡዕ አርባኛው ቀን ነበር።

አልተቀየምኳችሁም። መርዶ በስልክ እንደማይነገር አውቃለሁ። ሩቅ ላለ ሰው፣ ያውም ፈተና ለሚጠብቀው፣ ጊዜው ደርሶ ዘመድ ተሰብስቦ ነው የሚነገረው። አገሩን ሁሉ አስምላችሁ ይሆናል፤ የጎረቤት ስልክ እንኳ አፉን ዘግቷል። ልጃችሁ የምትውለው ሰማይ ላይ መሆኑን ብቻ ረሳችሁት።

ለሻምበል አንድም ቃል አልተነፈስኩም። ቢያውቁ ሐዘንተኛ እንዲበር አይፈቅዱም ነበር፣ ለብቻዬ የምበረው ደግሞ ሰኞ ነው። እኔም እንደናንተው ደበቅሁ። በመካከል ያለችው እሑድ ስደውልልሽ እንደ ልማድሽ አባትሽ ሰላም ብለውሻል አልሽኝ። ሰላም በይልኝ አልኩሽ። ወዲያው ስለ በጎቹ ማውራት ጀመርሽ። እኔም ስለ በጎቹ ጠየቅሁሽ።

ሰኞ ለብቻዬ በረርኩ። የመምህሩ መቀመጫ ባዶ ነው። ወደ ላይ ወጥቼ አየሩ ረጋ ሲል አባባ ባናቸውን ተከናንበው አጠገቤ ተቀምጠዋል። እንዴት እንደመጡ አልገረመኝም። በረደዎት ወይ አልኳቸው። ከመንዝ አይብስም አሉኝ። አኩርፈውኝ ነበር ወይ ስላቸው በመስኮቱ ቁልቁል እያዩ፣ አንቺ ፊት ለፊትሽን እዪ አሉኝ። ፊት ለፊቴን አየሁ። ጎማው መሬት ሲነካ ዞር ብል ማንም የለም። ለመጀመሪያ ጊዜ ለብቻው የበረረ ሰው ላይ ባልደረቦቹ ውሃ ይደፉበታል፣ ደፉብኝ። ፊቴ ስለራሰ ማልቀሴን ያወቀ የለም።

እንግዲህ መደባበቁ ይብቃን። አጎቴ አወቀ ሽማግሌዎቹን ይዞ ይምጣ፣ እንደ ደንቡ በማለዳ ያንኳኳ። እንዳልሰማሁ ሆኜ እከፍትላቸዋለሁ፤ ወጉ አይቅርባቸው። አንቺም አብረሽ ነዪ። እስከዚያ አንድ ነገር ብቻ አስቢልኝ። በመጨረሻ ስሜን ጠርተው ነበር? መርቀውኝ ከሆነ ቃሉን እንዳለ ንገሪኝ። ካልመረቁኝም ከራስሽ አትጨምሪበት፣ እችለዋለሁ።

የኪዳነ ምሕረት ጥላ አይለይሽ። ገብሱን በደህና ያስገባላችሁ፣ ለሄዱትም መንገዱን ያቅናላቸው።

ደብዳቤውን ነገ ወደ ቀየት የሚመጣ ሰው ያደርስልሻል። እሑድ እደውላለሁ። ሰላም ብለውሻል አትበይኝ እማዬ። ስልኩን አንሺና አልቅሺ። እኔ እሰማሻለሁ።

የአንቺና የእሳቸው ልጅ