በጥላ የሚዘምር እጅ

ሆሳዕና
ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሆሴዕ ሽብሩ
ጆሃንስበርግ

የምወድህ፣ አሁን ግን ፊቴ ብትቆም በጥፊ ልልህ የምችል ታላቅ ወንድሜ፣ የጌታ ሰላም ካንተ ጋር ይሁን። ሰላምታውን ያሳጠርኩት ተናድጄ ነው። በስልክ ስነግርህ «ቆይ፣ ሱቁ ሰው ሞላው» ብለህ ትዘጋብኛለህ። በቴሌግራም ስጽፍልህ የጸሎት እጅ ምልክት ትልክልኛለህ። ስለዚህ ወደዚያ በሚመለሰው በጎረቤታችን በሱራፌል እጅ ወረቀት ልኬልሃለሁ። ወረቀት አይዘጋም። ቁጭ ብለህ አንብበው።

አንተ የምታውቀው አባባ አኮርዲዮኑን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ከሞርሲቶ እስከ ዱራሜ ኮንፈረንስ በተጠራ ቁጥር ከመዘምራኑ ፊት የሚቆመውን ነው። ከሄድክ ዘጠኝ ዓመትህ ነው፤ ስትሮክ ከመታው ወዲህ ያለውን ሰው አታውቀውም። ግራ እጁ አይሠራም። ቀኙ ይንቀጠቀጣል፤ ማንኪያው አፉ ሳይደርስ ሾርባው ደረቱ ላይ ያልቃል። አንደበቱም ተሳስሯል። አኮርዲዮኑን አልጋው ሥር አስገባሁት። ሁለት ዓመት ሙሉ መዝሙር በሰማ ቁጥር ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞር ነበር። ይህን አንተ አላየህም፤ እኔ አይቻለሁ።

ሐምሌ ላይ አንድ ሰው የጥገና ሱቄ ድረስ የግቢ መብራት አመጣልኝ። ያ ሲመሽ በራሱ የሚበራ፣ ሲነጋ የሚጠፋው ዓይነት ነው፤ ተበላሽቶ ቀን ይበራል። ስፈታው ብርሃንና ጨለማ የሚለየውን ዕቃ አገኘሁ። ከምስር ፍሬ ትንሽ ከፍ የሚል ክብ ነገር ነው። ድምፅ ከምታወጣ ትንሽ ሰርኪዩትና ከአሮጌ ራዲዮ ስፒከር ጋር አያይዤ ባትሪ ስሰጠው ጮኸ። እጄን ከላዩ ሳሳልፍ ጩኸቱ ወፈረ፤ እጄን ሳነሳ ቀጠነ። ሱቁ ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ። ወዲያው አባባ ትዝ አለኝና ሳቄ ቆመ።

ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ከጣውላ ሳጥን አሠርቼ ላዩ ላይ እንደዚያ ያሉ አምስት ዓይኖች በረድፍ ተከልሁ። እያንዳንዱ ዓይን የራሱ ድምፅ አለው። ሙሉ ብርሃን ሲያርፍበት ዝም ይላል፤ የእጅ ጥላ ሲወድቅበት ይዘምራል። እጁ ሲጠጋው ድምፁ ይወርዳል፣ ሲርቀው ይወጣል። የሚሸከሙት ነገር የለው፣ የሚጫኑት ቁልፍ የለው። እጅን አየር ላይ ማንሳት ብቻ ነው፤ ይህን ደግሞ አባባ ይችላል። ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ሥር ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩለት።

መጀመሪያ ተቆጣኝ። በሀዲይኛ «የሕፃን መጫወቻ» ብሎ ፊቱን አዞረ። እኔም እልህ ያዘኝና ራሴ መጫወት ጀመርኩ። ራሱ ለመዘምራኑ ያስጠናውን አንድ መዝሙር ይዤ ሁለተኛው መስመር ላይ ሆን ብዬ አበላሸሁት። ደግሜ አበላሸሁት። አባባ የተሰበረ ዜማ ሰምቶ ማለፍ እንደማይችል ታውቃለህ። ሦስተኛው ላይ ቀኝ እጁን አምጥቶ የእኔን ገፋና መስመሩን አስተካከለው።

ሆሴዕ፣ የዘመረው ያ የሚንቀጠቀጠው እጁ ነው! መንቀጥቀጡ ድምፁን እንደ ሰው ጉሮሮ ያርገበግበዋል። እኔ በደህና እጄ ስንት ቀን ሞክሬ እንደዚያ ማውጣት አቃተኝ። ደመና ፀሐይዋን ሲሸፍን አምስቱም ዓይኖች አንድ ላይ ይጮኻሉ፤ አባባም ቀና ብሎ ደመናውን ይገላምጠዋል። ከዚያ ቀን በኋላ ጠዋት ጠዋት «ተነሳ» ብዬው አላውቅም። ከእኔ ቀድሞ ተነስቶ ፀሐይ ይጠብቃል።

ኅዳር ላይ አንድ እሁድ ጠዋት በአጥቢያችን ምሥራቁ መስኮት ሥር ተቀምጦ ዘመረ። ከእሱ ጋር ሃያ ዓመት የዘመረችው እህት ጣቢታ መጀመሪያ አለቀሰች፤ ከዚያ ተነስታ ግጥሙን አነሳችለት፤ ከዚያ ጉባኤው ሁሉ ተከተለ። አንድ ሰው በስልኩ ቀረፀው። ቲክቶክ ላይ ወጣ፤ አንተም ጋ ደረሰ።

አንተ ምን አደረግህ? ለአባባ ደወልክ? ለእኔ ደወልክ? የደወልከው ለአጥቢያችን ሽማግሌ ለአቶ ወንዳፈረው ነው። «ሳይነካ የሚጮኽ ነገር ምን መንፈስ እንዳለበት አይታወቅም፤ አባቴን ከመድረክ አውርዱልኝ» አልክ። እሳቸውም ሌላ ሽማግሌ አስከትለው ቤት መጡ።

«ልጄ አቢጋኤል፣ ነገሩ ለጊዜው ይቆይ» አሉኝ። «ቤተሰቡ ካልተስማማ እኛ መሃል መግባት ይከብደናል።»

«ቤተሰቡ ማን ነው? አባባን የማጥበውስ ማን ነው?»

«እሱን እግዜር ያያል። ታላቁ ልጅ ግን ሆሴዕ ነው።»

አባባ ከመጋረጃው ወዲያ ሆኖ ሁሉንም ሰማ።

በማግስቱ ሳጥኑን አቅፌ በባጃጅ አቶ ወንዳፈረው ቤት ሄድኩ። ሳጥኑን ፊታቸው ፈታሁት። «ይኸው፣ መንፈሱን ይፈልጉልኝ» አልኳቸው። መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ።

«ይቺ የግቢዬ መብራት ላይ ያለችው አይደለችም እንዴ?»

«ናት።»

«እንግዲያማ እኔም ደጃፌ ላይ መንፈስ ሰቅዬ ነው የማድረው!» ብለው ሳቁ። ወዲያው ግን ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ልደብቅሽ አልችልም። ሆሴዕ የመንፈሱን ነገር ያመጣው ኋላ ነው። መጀመሪያ ያለኝ ‹የአባቴን ለሃጭ እዚህ ያለ ሐበሻ ሁሉ እየተቀባበለ አየው፤ አፈርኩ› ነው።»

አፈርክ! ያንን ለሃጭ በቀን አሥር ጊዜ የምጠርገው እኔ ነኝ፤ አንድም ቀን አላፈርኩም። አንተ እዚያ ሆነህ በስልክ መስታወት አይተኸው አፈርክ! በእርሱ ማፈርህ ሳይበቃህ እግዚአብሔርን ምክንያት አደረግህ። በዚህ ነው ከሁሉ በላይ የተናደድኩት። ኮሌጅ ገብተህ እንድትማር አባባ ማታ ማታ ሰው አኮርዲዮን ያስተምር እንደነበር ረሳኸው? ያን ጊዜ በጣቶቹ አላፈርክም።

አቶ ወንዳፈረው ሲሸኙኝ «ወይ ሆሴዕ ቃሉን ያንሳ፣ ወይ ሽብሩ ራሱ ‹ልዘምር› ይበል፤ በራችን ክፍት ነው» አሉኝ። ደስ ብሎኝ እየሮጥኩ ቤት ገባሁ። አባባ ግን ሳጥኑን ሲያይ ዓይኑን ጨፈነ። «ሆሴዕ አልወደደውም» አለኝ። በቃ። ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ እንደ በፊቱ ዜማ አበላሸሁበት፤ ቢሆንም አልተንቀሳቀሰም። ስድስት ሳምንት ሙሉ ፀሐይ ጠረጴዛው ላይ ወጥታ ጠረጴዛው ላይ ገባች። ምግብም ቀነሰ። ሐኪሙ ጋ ወስጄው ነበር። ሐኪሙ ያለውን ሱራፌል በቃሉ ይነግርሃል፤ እኔ እጄ አልጽፍ አለኝ።

ባለፈው ሰኞ ዋሸሁ።

«አባባ፣ ሆሴዕ ደወለ» አልኩት። «‹ተሳስቻለሁ፣ አባባ ይቅርታ ያድርግልኝ፤ ይዘምር› አለ።»

 ያ የተሳሰረ አንደበቱ ቃሉን አንድ በአንድ አወጣው።

«ሆሴዕ... ይቅርታ... ብሎ አያውቅም።»

የምገባበት ጠፋኝ። አንገቴን ደፋሁ። አባባ ግን ቀኝ እጁን ወደ ሳጥኑ ዘረጋ። «አምጪው» አለኝ።

ግቢ አውጥቼ ፀሐይ ላይ አስቀመጥኩለት። ጎረቤት በአጥሩ በኩል ተሰበሰበ። አቶ ወንዳፈረውም ሰምተው መጡ፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው በርጩማ ላይ ቁጭ አሉ። ሲጨርስ አባባ ወደ እሳቸው ዞሮ «እሁድ» አለ። «እሁድ» አሉት። ስለዚህ የፊታችን እሁድ በአጥቢያው ይዘምራል። ፈቃድህን ልጠይቅህ አይደለም የምጽፍልህ።

የምጽፍልህ ውሸቴን እውነት እንድታደርግልኝ ነው። በቀን ደውል፤ ፊትህን አሳየውና ያንን ቃል በራስህ አፍ በለው። አንተ ከማን በልጠህ ነው ይቅርታ የማትለው? መምጣት ከቻልክ ደግሞ ና። ከቻልክ ያልኩት ስለ ትህትና ነው፤ ና።

ጌታ በሰው አገር መውጣትህን መግባትህን ይጠብቅልህ፤ ከሌባና ከጥይት ይሰውርህ። ተናድጄም ቢሆን ስምህን ጠርቼ ሳልጸልይ አድሬ አላውቅም።

አባባ አጠገቤ ተቀምጧል። «ምንድን ነው የምትጽፊው?» ሲለኝ «ለቀበሌ ማመልከቻ ነው» አልኩት። ይህ ሁለተኛው ውሸቴ ነው። ሦስተኛ እንዳታስዋሸኝ።

እህትህ
አቢጋኤል ሽብሩ