ፊቴን ሸፍኜ ነበር

ድሬዳዋ፣ መጋቢት ፬ ቀን ፲፱፻፶፬ ዓ.ም.

ለዓይኔ ብርሃን፣ ለልጄ ለወልደማርያም፤

እንደምን አለህልኝ? ጾሙ ከትምህርቱ ጋር አልከበደህም? እኔ ተመስገን ነው፣ ደህና ነኝ። ጽሕፈቴ ቢንጋደድ አትፍረድብኝ፤ ይህን ነገር ሰው ማስጻፍ አፍሬ ራሴ ነኝ የሞነጫጨርኩት።

ልጄ፣ ልብስ እየሰፋሁ ነው የምኖረው ያልኩህ ውሸት ነው። ዓይኔ መርፌ ማየት ሲያቅተው የስፌት መኪናዬን ሸጥኩ። ከዚያ ወዲህ የምውለው ከከተማው ዳር፣ ድንጋይ መፍጫው ጋ ነው። የወንዙ አሸዋ አፈር በዛበት ተብሎ አሁን ለግንባታ አሸዋ የሚሠራው ከድንጋይ ነው። መፍጫው ቋጥኙን አኝኮ ይተፋል፤ እኛ ሴቶቹ የተፋውን በወንፊት እየነፋን ጠጠሩን ለብቻ፣ አሸዋውን ለብቻ እናደርጋለን። ስንወጣ ወፍጮ ቤት የዋልን ነው የምንመስለው። ይህን እንዴት ብዬ ልጻፍልህ? ጓደኞችህ «እናትህ ምን ትሠራለች?» ሲሉህ አንገትህን እንዳትደፋ ብዬ ነው።

ባለፈው ሐሙስ ታዲያ አለቃችን ሱሌማን «ከአዲስ አበባ የኢንጂነር ተማሪዎች መጥተዋል፤ ቶሎ ቦታውን ጥረጉ!» አለ። ቀና ስል አንተ! ያ ግራጫ ኮት ትከሻህ ላይ ሲያምር! እሰይ ልል አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አንተ እኔ ጋ መጥተህ ጎንበስ አልክ፤ ከወንፊቴ ሥር አሸዋ ዘግነህ በጣትህ አሸት አደረግክና «ንጹሕ ነው» አልክ። ያ ባለመነጽሩ ጓደኛህ «አንተ የዚህ አገር ልጅ አይደለህ? እዚህ የምታውቀው ሰው የለም እንዴ?» ሲልህ፣ «የለም» አልከው።

ልክ ነህ ልጄ። ፊቴን በሻሽ ሸፍኜ ነበር፤ ከዓይኔ በቀር ምን ይታያል? በዚያ አቧራ እንኳን አንተ የወለደችኝም አታውቀኝ።

አብራኝ የምትነፋው ቢሻሮ ግን አልለቀቀችኝም። «ወላሂ ቦጋለች፣ ሻሽሽን ቀደሽ የቆሰለ ጣቴን አስረሽልኝ አልነበር? ፊትሽ ግልጥ ነበር እኮ! ልጁም አሸዋውን ሲዘግን ፊትሽን አይቶ አንገቱን ደፋ» አለችኝ። «አቦ ተይኝ! አንቺ ምን ታውቂያለሽ!» ብዬ ጮህኩባት። ደግ ሴት ናት፣ አልተቀየመችኝም።

ማታ ትመጣለህ ብዬ ሱፍ ፍትፍት ሠርቼ ጠበቅኩህ። ጠዋት ባቡራችሁ እስኪያፏጭ ድረስ በሩን አልዘጋሁም። ጊዜ አጥተህ ነው፤ ከአስተማሪ ጋር የመጣ ሰው እንደ ልቡ አይሆንም።

ያሳፈርኩህ እኔ ነኝ። አስቀድሜ እውነቱን ብነግርህ ኖሮ እንደዚያ አትደነግጥም ነበር። አሁን አንድ ነገር ልለምንህ፤ ለፋሲካ አልመጣም እንዳትለኝ። ቀን ከሰው ጋር ሆነህ በዚያ ብታልፍ አትቁም፤ እኔም ቀና አልልም። ማታ ግን ቤት ና። ማታ ታጥቤ ነው የምጠብቅህ።

ድንግል ከክፉ ዓይን ትሰውርህ። የዘገንከው አፈር ወርቅ ይሁንልህ።

የምታውቃት እናትህ፣
ቦጋለች