የዝምተኛዋ ልክ

ለውድ እህቴ፣

እታለም እንደምን ከረምሽ? ጥርስሽ ተሻለሽ ወይስ አሁንም በአንድ ወገን ነው የምታኝኪው? የእማዬ ጉልበትስ? አባዬን ሳሉ ለቀቀው? ከሄድሽበት ገበያ፣ ከተኛሽበት አልጋ ሁሉ ሰላምታዬ ይድረስሽ። እኔ እንቅልፍ አጥቼ ከመክረሜ በስተቀር ደህና ነኝ። ይህችን «በስተቀር» ለአንቺ ብቻ ነው የጻፍኳት፤ ደብዳቤውን ጮክ ብለሽ ስታነቢላቸው ዝለያት። ከዚህ በታች ያለውንም እንደዚያው።

የመልቀቂያ ፈተናው ከነገ ወዲያ ሰኞ ነው። አምና እንደወደቅኩ ታውቂያለሽ፤ ዘንድሮ ካላለፍኩ ሌላ ዕድል የለኝም። መጽሐፍ ስገልጥ ፊደሉ ይርመሰመስብኝ፣ ስጋደም ደግሞ ዓይኔ ተበርግዶ ያድር ነበር።

አክስቴ ፍራሽ ያነጠፈችልኝ፣ ልብስ በምትሰፋበት ክፍል፣ ከመቁረጫው ጠረጴዛ አጠገብ ነው። እዚያ ራስም እጅም የሌለው፣ በጨርቅ የተለበጠ የሴት ገላ ቆሟል። ከጀርባው ባሉት ብሎኖች ደረቱን፣ ወገቡንና ዳሌውን በትንሽ ቁልፍ ማጥበብም ማስፋትም ይቻላል። አክስቴ በደንበኛዋ ልክ ታስተካክለውና ልብሱን እሱ ላይ ትሰፋለች። ስሙን «ዝምተኛዋ» ብላዋለች። ሰው ሲመጣ መጋረጃ ጀርባ ስለምገባ፣ ሁለት ዝምተኛ ይዤ እንዴት ልሆን ነው፣ አንዷ እንኳ ቆማ ትሠራለች እያለች ትቀልድብኛለች።

የባዮሎጂ መምህራችን፣ የተማረውን ለሌላ ሰው ያስረዳ አይረሳም ብሎን ነበር። እኔ ለማን ላስረዳ? ክፍል ውስጥ ስሜ ሲጠራ እንኳ ደብተሬ ላይ አቀረቅራለሁ። ስለዚህ ለዝምተኛዋ ማስረዳት ጀመርኩ። መጀመሪያ በጣም ረዳኝ፤ የደም ዝውውርን ያለ ደብተር እስከ መጨረሻው አልኩላት። በኋላ ግን የምትሰማኝ መሰለኝ። አንድ ቀን ጠዋት ስነሳ ደረቷን ወደ ፍራሼ አዙራ አገኘኋት። በማግስቱ አንድ እርምጃ ቀርባለች። እኔ አክስቴ ያዞረቻት መስሎኝ፣ አክስቴም እኔ ያዞርኳት መስሏት፣ ሁለታችንም ዝም አልን።

ማክሰኞ ዕለት፣ አክስቴ የሠርግ ቀሚስ የምትሰፋላት ሙሽራ ልትለካው መጣች። ነርስ ናት፣ ሠርጓ ነገ ነው። ቀሚሱ ከብብቷ በታች አልወርድ አለ። ፍርሃት ነው መሰለኝ ያሳበጠኝ ብላ ልትቀልድ ሞከረች፤ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሯል። አክስቴ በሥራ ዘመኗ ሁሉ ልክ ስታ አታውቅም። ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ሙሽራዋን ለካች፤ ደብተሯ ላይ ከጻፈችው ጋር አንድ ነው። ቀጥላ ዝምተኛዋን ለካች። ከዚያ ዞር ብላ እኔን ብዙ አየችኝ። እጄን አንሺ ብላ ደረቴን፣ ወገቤን፣ ዳሌዬን ለካች።

«ይሄ ያንቺ ልክ ነው» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ዩኒፎርሜን ስትሰፋልኝ የወሰደችው ልክ እንዳይመስልሽ። ከዚያ ወዲህ ወገቤ አራት ጣት ቀንሷል፤ እኔ ራሴ አላወቅኩም ነበር። ዝምተኛዋ ግን አውቃ አብራኝ ከስታለች።

ቁልፉ የሚሰቀለው ከመቀሶቹ ጋር ነው። ስንፈልገው ከባዮሎጂ ደብተሬ ውስጥ፣ ማንበብ ካቆምኩበት ገጽ ላይ ወጣ። እናቴ ትሙት አልነካሁትም ብዬ ልምል አፌን ስከፍት፣ የአውራ ጣቴ ቆዳ ብሎን ሲያዞር እንደከረመ ሰው ተልጦ አየሁት። አንድም ነገር አላስታውስም፣ እታለም።

የፈራሁት ቁጣ አልመጣም። አክስቴ ሙሽራዋን አጽናንታ ከሸኘች በኋላ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ስንት ቀን ሆነሽ ሳትተኚ?»

አሥራ አንድ አልኳት። እኔ ግድግዳ ለግድግዳ ተኝቼ ሳልሰማሽ ብላ ራሷን ወቀሰች።

ደግነቱ ስፌት ውስጥ ሁልጊዜ ትርፍ ጨርቅ ትተዋለች። እኔ የቀሚሱን ስፌት ስፈታ እሷ አስፍታ ስትሰፋ፣ ትምህርቱን ለእሷ ማስረዳት ጀመርኩ። ምንም አታውቅም። ልብ አራት ክፍል አለው ስላት፣ ታዲያ እኛ በሁለት ክፍል የምንጨናነቀው ምን በድለን ነው ብላ አሳቀችኝ። ያልገባትን ትጠይቃለች፤ ስሳሳት፣ ቆይ፣ ቅድም እንዲህ አላልሽም ትለኛለች። ከማክሰኞ ጀምሮ አልጋዋ ላይ እጄን ይዛኝ ታድራለች። ሁለቱን ሌሊት ጣሪያ ሳይ አደርኩ፣ ሐሙስ ትንሽ ሸለብ አደረገኝ፣ ትናንት ግን እስኪነጋ ተኛሁ። ሰኞ እገባለሁ። የማውቀውን ጽፌ እወጣለሁ።

ዛሬ ጠዋት ለካችኝና ግማሽ ጣት ሞልተሻል አለችኝ። ሙሽራዋም መጥታ ቀሚሷ ልክክ አለላት። አንድ ነገር ብቻ ልንገርሽ። አክስቴ ማክሰኞ ዝምተኛዋን በሙሽራዋ ልክ አስፍታ ቁልፉን የራሷ አንገት ላይ አሥራዋለች፤ ስትተኛም አታወልቀውም። ዛሬ ቀሚሱን ለሙሽራዋ ከዝምተኛዋ ላይ ልናወልቅ ስንል ግን ወገቧ ላይ ላላ ብሏት ነበር። ሜትሩ ጠረጴዛው ላይ ነው። ሁለታችንም አላነሳነውም።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ እየበላች ነው በያት፣ እውነት ነው። አባዬ ሳሉን ቸል እንዳይል። አያቴን ድምፄን ከፍ አድርጌ ማንበብ ለመድኩ በይው፣ ደስ ይለዋል። ታናሻችን ደብተሬን እንዳይቀድ ተቆጪልኝ፣ ከዚያ ሳሚልኝ። አንቺ ደግሞ ሰኞ ጠዋት በሁለት ሰዓት አስቢኝ።

እህትሽ
ከአክስቴ አልጋ ጫፍ ላይ፣ በሩን ዘግቼ
ቅዳሜ፣ ሰኔ 3 ቀን