የጉናው ኩበት

ሰኞ

ኩበቱ የለም። ጠዋት ስወጣ እርጥበት እንዳያበላሸው ብዬ ከካርቶኑ አውጥቼ በረንዳው ላይ ጆንያ ዘርግቼ አስጥቼው ነበር። ስመለስ ጆንያው ታጥፎ ግድግዳው ሥር ተቀምጧል።

ግራ ገብቶኝ እንደቆምኩ አከራዬ እትዬ የሺ ትኩስ ዳቦ በሰሃን ይዘው መጡ። የማርያም ዝክራቸው ነው። «ዳቦውን እንድጋግርበት ላመጣህልኝ ኩበት እመቤቴ ውለታህን ትክፈልህ። እርጥብ እንጨት ሲያጨሰኝ አይተህ ነው አይደል? ወንድ ልጅ ኩበት ሲያሰጣ አይቼ አላውቅም» አሉኝ።

ምን ልበል? አሜን አልኩ። የዶክትሬት ጥናቴን ሦስተኛ ምዕራፍ በትኩሱ በላሁት። ደግሞ ይጣፍጣል።

ማክሰኞ

ተናድጃለሁ፤ በማን እንደሆነ ግን አላውቅም። የሰው ዕቃ ሳይጠይቁ ይነሳል? ኩበት በረንዳ ላይ ያሰጣ ሰውስ ምን እንዲያስቡለት ፈልጎ ነው?

የጠፋውን ልጻፈው። ከጉና ተራራ የለቀምኩት ኩበት ውስጥ ባክቴሪያዎች አሉ። ሲጠግቡ እያንዳንዱ ለራሱ ይኖራል። ሲርባቸው በሺዎች ሆነው ይሰበሰቡና እንደ አንድ አካል ጉብታ ይሠራሉ፤ ብዙዎቹ እዚያው ይሞታሉ፣ የተረፉት ደርቀው ክፉ ቀን ያሳልፋሉ። ከሐሙሲት ያመጣኋቸው ክብ ጉብታ ብቻ ነው የሚሠሩት። የጉናዎቹ ግን ግንድ ያወጣሉ፣ ከግንዱም ቅርንጫፍ። ይህ ልዩነት ከየት መጣ? ጥናቴ ይኸው ነው። ቤተ ሙከራ ውስጥ ያሳደግኳቸውን የጉናዎቹን ባለፈው ሳምንት ሻጋታ ጨረሳቸው። የቀረኝ ኩበቱ ነበር።

አማካሪዬ በስልክ «ሄደህ እንደገና ልቀም» አሉኝ። መስኩ ታርሷል አልኳቸው።

ረቡዕ

ዛሬ ያወራኋቸው ሰዎች፦ የባጃጅ ሹፌር («ዩኒቨርሲቲ?» «አዎ»)። ባለሱቅ («ሁለት ሳሙና»)። አለቀ።

አገሬ ሶዶ ብሆን ለእህቴ አውርቼላት እንስቅበት ነበር። እዚህ ሁለተኛ ዓመቴ ነው፤ ኩበቴ ተቃጠለብኝ ብዬ ለማን እነግራለሁ? ብቸኝነት የሚብሰው የሚያስቅ ነገር ሲገጥም ነው።

ከሰዓት ጆንያውን ገልጬ አየሁት። ክሮቹ መሃል ፍርፋሪ ተሰክቷል። ወረቀት ላይ አራገፍኩት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። ምግብ እምብዛም የሌለበት የመስታወት ሳህን ላይ በተንኩት። ካልሞቱ ይነቃሉ።

ዓርብ

በሳህኑ አንድ ጠርዝ ሻጋታ። ቆርጬ አወጣሁት።

ግቢ ውስጥ እትዬ የሺ «ለመሆኑ ያን ኩበት ከየት ነው ያመጣኸው?» አሉኝ። ከጉና፣ አልኩ። «ያን ያህል መንገድ ለእኔ ብለህ?» ዓይናቸው እንባ አቀረረ። አሁንማ እንዴት ልናገር።

እሑድ

ምንም። ሳህኑ ላይ ውሃ ብቻ።

ሁለተኛው እሑድ

ቤተ ሙከራው በዚህ እሑድ ስለሚዘጋ ትናንት ሳህኑን ታቅፌ ቤት አመጣሁት። ዛሬ ጠዋት በማጉያ መነጽር ሳየው አንዲት ብርቱካናማ ጉብታ አለች። ከቀትር በኋላ ከሥሯ ቀጭን ግንድ ብቅ አለ። ቅርንጫፍ የለም። ግንድማ ሌሎችም ያወጣሉ፤ ቅርንጫፍ ካላወጣች የጉናዋ መሆኗን ማረጋገጥ አልችልም።

ብቻዬን ማየት አቃተኝ። ወጥቼ እትዬ የሺን ጠራኋቸው። ማጉያውን ሰጥቼ ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ኩበቱ ለእርሳቸው እንዳልነበረ ጭምር። ብዙ ጊዜ ወስደው አዩ።

«ታዲያ ዝም ብለህ ዳቦውን በላህ?»

«እዚህ ከመጣሁ ወዲህ ደጃፌ ድረስ የመጣ ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት» አልኩ። «ብናገር ሁለተኛ የሚመጡ አልመሰለኝም።»

በርጩማ ስበው ሳህኑ ፊት ተቀመጡ። «ቅርንጫፉ መቼ ነው የሚወጣ?» አሉ።

ሲመሽ ይሆናል፣ ላይወጣም ይችላል አልኳቸው። አልተነሱም።