ሜሮን ለጸሎት ወጣች

እሑድ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2003 ዓ.ም.
ጅማ

ዛሬ የሰበክሁት ስለ ሞባይል ነው። ወጣቶቹ በአምልኮ መሀል እንኳ ከስልካቸው አይላቀቁም፤ ትንሽ መረር አድርጌ ተናገርኩ። እናቶች «አሜን! አሜን!» ሲሉ እኔም ደስ አለኝ።

ከስብከቱ በኋላ እንደ ወትሮው የሚጸለይላቸው ሰዎች ወደ ፊት ወጥተው ተሰለፉ። ዓይኔን ሳልገልጥ ተረኛው ራስ ላይ እጄን ጭኜ «የጸሎት ርእስ?» አልኩ።

«አባቴ ቤት ሲገባ ስልኩን እንዲያጠፋ ይጸልዩልኝ፣ ፓስተር።»

የገዛ ልጄ ሜሮን ናት። ቤት ውስጥ አንተ የምትለኝ ልጅ አንቱ አለችኝ። እየቀለደች አልነበረም። ምን ብዬ እንደጸለይኩ አላስታውስም፤ ብቻ ቶሎ ብዬ አሜን አልኩ።

ምሳ ሲቀርብ ስልኬን መኝታ ቤት አስቀመጥኩት። ባለቤቴ አየችኝ። ገና መብላት ስንጀምር ጮኸ። ሸቤ ከተማ ታመው የተኙት የቤተ ክርስቲያናችን አባል እትዬ ዘነበች ትዝ አሉኝ፤ ቢሆንም እንደምንም ብዬ አልተነሳሁም። ዝም አለ። እንደገና ጮኸ።

«አንሳው እንጂ አባዬ» አለች ሜሮን፣ ከማዕዱ ቀና ሳትል። «እትዬ ዘነበች ይሆናሉ።»

ተነስቼ ሄድኩ። ይሄንንስ ማን አስተማራት?