ስድብ ያልመለሰው ሳሞ

ውድ እህቴ ቲፖኮ፣

ከሁሉ በፊት የጎረቤቴን የአባባ ፓሬን ነገር ልንገርሽ፤ መጠየቅሽ አይቀርምና። ከሞተር ሳይክላቸው ወድቀው እግራቸው እንደ ዱባ አብጦ ነበር። አሁን ጀሶው ተፈቶላቸው በምርኩዝ እስከ ማንጎው ዛፍ ይደርሳሉ። ሚስታቸው ማርት ደም ግፊቷ ያው ከፍ ዝቅ ይላል። ልጃቸው ኦዲል መናኸሪያው አጠገብ የተጠበሰ ዓሣ መሸጥ ጀምራ ገበያው ደርቶላታል። እኔ ደግሞ ልጠይቃቸው በገባሁ ቁጥር አንቱታውን ደጅ ትቼ፣ "አንተ ውሻ በላ! እግርህን የነከሰችህ እኮ ያቺ የበላሃት ውሻ ናት!" እላቸዋለሁ። እሳቸውም ከአልጋቸው ሆነው፣ "አንቺ የሌባ ዘር! የውሻውን ራስ ከአያቴ ድስት ሰርቃችሁ የበላችሁት እናንተ ሞሲዎች አይደላችሁም?" ይሉኛል። ማርት፣ "ከሐኪሙ ኪኒን ይልቅ ያሻለው ይኸው ነው" ትላለች። የሞሲና የሳሞ ጎሣዎች ከአያት ጀምሮ የቀልድ ዘመዳሞች አይደሉ? ካልተሰዳደቡ ምኑን ሰላም ተባባሉ?

ይህን ለወሬ ብቻ አላመጣሁትም። ጉዳይሽ ያለው እዚሁ ውስጥ ነው።

ዋጋዱጉን ለቀሽ ወደዚህ ወደ ቦቦ ለመምጣት ማሰብሽ ደስ ብሎኛል፤ አልዋሽሽም። ከተማችን ትልቅም ትንሽም አይደለችም። ልብስ ሰፊ ሥራ አያጣባትም፣ ልጆችም በእግራቸው ትምህርት ቤት ይደርሳሉ። ግን ጥድፊያሽን እዚያው ጥለሽው ነይ። እዚህ ሰው የእናትሽን፣ የልጆችሽን፣ የፍየልሽን ደኅንነት ሳይጠይቅ ጉዳይ አያነሳም። ቤትም የሚፈለገው ማንጎ ጥላ ሥር ከተቀመጡ ሽማግሌዎች ዘንድ ነው፣ በስልክ አይደለም።

አንቺ ግን በስልክ አገኘሽ። ሰውዬው ቤቱም ሱቁም የእኔ ነው አለሽ፤ ይሁን። "የስፌት ማሽኖችሽን በጭነት መኪና አስቀድሚ፣ አንቺ ከልጆችሽ ጋር ቀስ ብለሽ ትመጫለሽ" ማለቱን ስሰማ ግን ነገሩ አልጣመኝም። ማሽኑና ባለቤቱ ለምን ይለያያሉ? ባልሽ ከሞተ ወዲህ እነዚያን ልጆች ያሳደጉ ማሽኖች ናቸው። አንቺ ደግሞ ቅዳሜ እጭናለሁ ብለሻል።

ስለዚህ ሳልነግርሽ ሄጄ አየሁት። ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ቁልፍ እያሽከረከረ ደጅ ቆሟል። ስለ ሰላምታ አትጠይቂኝ፤ ሳይጨርሰው ስለ ማሽኖችሽ ጠየቀኝ። ውስጡን አሳየኝ ስለው፣ "ቀለሙ አልደረቀም፣ እመቤቴ" አለኝ። አፍንጫዬን ወደ በሩ ብሰድ የቀለም ሽታ የሚባል የለም።

"ስምህ ማነው?" አልኩት።

"ቶኤ። ሳሞ ነኝ፣ የቱጋን ከተማ ልጅ።"

ሳሞ ሲለኝማ ጥርጣሬዬ ሁሉ ረገፈ። ዘመዴ ነዋ! እኔም ደስ ብሎኝ፣ "አንተ ውሻ በላ! የእህቴ ልጆች ቡችላ ይዘው ቢመጡ ድስት ውስጥ ልትከትባቸው ነው?" አልኩት።

ፊቱ እንደ እንጨት ደረቀ። "እመቤቴ፣ እኔ እንዲህ ያለ ነገር በልቼ አላውቅም። የተከበርኩ ሰው ነኝ።"

ምናልባት ኮትዲቯር አድጎ ወጋችንን ያላወቀ ይሆናል ብዬ ሌላ ዕድል ሰጠሁት። "እሺ፣ የውሻውን ራስ ማን ሰረቀው?"

"የትኛው ውሻ?" አለኝ።

ቲፖኮ! የትኛው ውሻ! የሳሞ ልጅ ጡት ሳይጥል "እናንተ ናችሁ!" ብሎ ይጮህብሻል እኮ።

ለአባባ ፓሬ ብነግራቸው እግራቸው እስኪያማቸው ሳቁ። ከዚያ ግን ሳቃቸውን ገታ አድርገው፣ "ይሄ ሰው የሚደበቅበት ስም ቸግሮት የእኛን ወስዷል። ኦዲል ሰፈሩን ትጠይቅ" አሉኝ።

በስልክ ብነግርሽ "እህቴ ጥላዋንም ትጠረጥራለች" ብለሽ ትስቂያለሽ፤ ለዚህ ነው ጽፌ በአውቶቡስ ሹፌሩ እጅ የምልክልሽ። ማሽኖቹን አትጫኚ። መምጣቱን አትተዪ፣ ግን ከማሽኖችሽ ጋር አንድ መኪና ላይ ነይ። ቤት እስክናገኝ የእኔ ጣሪያ ይበቃናል።

እህትሽ ላሙሳ

ቆይ፣ ፖስታውን ልለጥፍ ስል ኦዲል የዓሣ ሳህኗን እንደተሸከመች ገባች። "እትዬ ላሙሳ፣ እዚያ ቤት በር ላይ አንዲት ሴት ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ከኩዱጉ ከተማ ነው የመጣችው። የጸጉር ቤቷን ማድረቂያ ካስኮች አስቀድማ ልካለች፤ አሁን ካስኩም የለ፣ ሰውዬውም የለ። ጎረቤቶቹ ቤቱ የአንድ አስተማሪ ነው፣ ቶኤ የሚባል አናውቅም አሏት" አለችኝ። ሴትዮዋን ይዛት መጥታለች። ሞሲ ናት፣ እንደኛው። አሁን እዚህ አጠገቤ ውኃ ይዛ ተቀምጣለች፤ ውኃውን ግን አልጠጣችውም።

አባባ ፓሬም ሰምተው በምርኩዛቸው እየተጎተቱ መጡ። ፊት ለፊቷ ተቀመጡና፣ "አንቺ የውሻ ራስ ሌባ፣ ሳሞ ነኝ ሲልሽ ለምን አልሰደብሽውም?" አሏት።

"እንዴት ልስደበው፣ አባባ?" አለች እንባዋን እየጠረገች። "በጣም ጨዋ ሰው ነበር።"

"ጨዋ ሳሞ!" አሉ አባባ ፓሬ። "ልጄ፣ የት አይተሽ ታውቂያለሽ?"