በርቷል ያልኩህ የፍሬን መብራት

ይድረስ ለእንድሪስ፣ ለእንድሬዬ፤

ስለ ጤናህ አልጠይቅህም። ከተለየኸኝ ዘጠኝ ወር ከአስራ አንድ ቀን ሆነ። እኔ አልሐምዱሊላህ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሮቢት ሄጄ አስተምራለሁ። እስካሁን አላለቀስኩም። ጎረቤቶች ይሄ ነገር አስጨንቋቸው «አብሽሪ» ሊሉኝ ይመጣሉ፤ ከዚያ ፊቴን አይተው እነሱ ያለቅሳሉ። እኔ ውሃ አቀርባለሁ።

ቤቱ ያው ነው። ፓፓያዋን ንፋስ ጣላት፤ ተኝታም ማፍራቷን አልተወችም። መፍቻዎችህን ወንድምህ ወሰዳቸው። ስልክህን እኔ ነኝ የማነሳው። ገበሬዎቹ አሁንም «ፓምፑ ውሃ አልስብ አለ» እያሉ ይደውላሉ። መሞትህን ስነግራቸው ደንግጠው ያጽናኑኛል፤ ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ስለ ፓምፑ የነገረሽ ነገርስ አልነበረም?» ይላሉ።

መኪናችን ዲኤክሷም አብራኝ የመበለት ዒዳ ተቀመጠች። አራት ወር ከአስር ቀን ግቢ ውስጥ ቆማ የቆቦን አቧራ ለበሰች። ስንወጣ እሷ ባትሪዋ አልቆ ነበር፤ እኔን የለካኝ የለም። አሁን የምነዳት እኔ ነኝ። ማሽላው ከታጨደ በኋላ ማሳ ላይ እንዳስተማርከኝ ስለምነዳ፣ አስፋልት ላይም አገዳ የምረግጥ ይመስለኛል።

ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት ግን ስለ ኋላ መብራቷ ነው።

አስራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ጠዋት ጠዋት፣ ሞተር አስነስተህ ፍሬን ትረግጥና አንገትህን በመስኮት አውጥተህ «ዘሃራ፣ በራ?» ትለኝ ነበር። የፍሬን መብራት የረገጠው ሰው አያየውም፤ ከኋላ የሚቆምለት ሰው ያስፈልገዋል። እኔ ከኋላ ቆሜ «በርቷል» እልሃለሁ። በቅርቡ አንድ ነገር አገኘሁ፦ መኪናዋን ወደ ቆርቆሮ አጥሩ አስጠግቼ ፍሬን ስረግጥ ቅላቱ ቆርቆሮው ላይ ያርፋል፣ በመስታወት ይታያል። ሰው አያስፈልግም ነበር። አንተ ደግሞ ፓምፕ ፈትተህ የምትገጥም ሰው ይህን አታጣውም። ማወቅህ አይቀርም፤ መጠየቁን ወደኸው ይሆናል እንጂ።

እና አሁን ልንገርህ። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት አይ ነበር። በኋላ ግን ሻርፔን እያስተካከልኩ፣ ያላረምኩትን ደብተር እየቆጠርኩ፣ ዞር ሳልል «በርቷል» ማለት ጀመርኩ። ለሰላምታ መልስ እንደመስጠት ሆነብኝ።

አምና ክረምት ከጎብዬ ስትመለስ የሆነውን አንተም አትረሳውም። ግመሎች አስፋልቱን ሲያቋርጡ ፍሬን ያዝክ፤ ባለባጃጁ ሐሰን ከኋላህ መጥቶ ገባብህ። ሰው አልተጎዳም። ግመሎቹም ዞር ብለው አላዩም። መንገድ ዳር ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ሐሰን «መብራቱ አልበራም» አለ። አንተ ደግሞ «ወላሂ ይበራል፤ ሚስቴ ዛሬ ጠዋት አይታዋለች» ብለህ ማልክ። መሐላ ከወጣ በኋላ ሽማግሌ ምን ይጨምራል? «ያላየኸው አንተ ነህ» ተባለ ሐሰን። ትከሻህን ስሞ ይቅርታ ጠየቀህ። የባጃጁ ግንባር ተጨራምቶ ስንት ሳምንት ያለ ሥራ ተቀመጠ፤ የጎብዬ ባለባጃጆች ደግሞ «መነጽር» የሚል ስም አወጡለት።

ቤት ገብተህ ስትነግረኝ እየሳቅህ ነበር። እኔ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር፤ መክተፌን ቀጠልኩ።

በማግስቱ ጠዋት ግን ዞር ብዬ አየሁ። የግራው ተሰብሯል። የቀኙን ምንም አልነካውም። ፍሬን ረገጥክ፤ አልበራም። «በራ?» አልከኝ። ትናንት በስሜ ምለህ መጥተሃል። «የቀኙ በርቷል» አልኩህ።

ከቀይ ባልዲያችን ቆርጠህ ለግራው ሽፋን ሠራህለት፤ አምፖልም ቀየርክ። አንዱም ሳይበራ «ሁለቱም በርቷል» አልኩህ። በድብቅ ጋራዥ ልወስዳት አስብ ነበር። እሷን ስታስታምም ኖረህ ጭራሽ አንተ ታመምክ፤ ከመስከረም ወዲህ መሪ አልጨበጥክም፤ እኔም ነገሩን ተውኩት። ግጭቱ አበላሽቶት ይሆናል እያልኩ ነበር የምተኛው።

ባለፈው ወር ቦሎ ላሳድስ ብዬ መካኒኩ ጋሽ ደሳለ ጋ ወሰድኳት። የኋላ ኮፈኑን ምንጣፍ ገልጦ ገመዱን ሲጎትተው፣ እጁ ላይ አረንጓዴ ዱቄት ሆኖ ቀረ። «ይሄ ሦስት አራት ክረምት አልፎበታል፤ ደረቅ ሲሆን ይሠራል፣ እርጥበት ሲያገኘው ይተዋል» አለኝ።

«ግጭት ይሆን?» አልኩት።

«መምህርት፣ ግጭት ብረት ያጣምማል እንጂ ገመድ አረንጓዴ አያደርግም።»

ገመዱን ለወጠው። ሁለት ክር ያላቸው አዳዲስ አምፖሎች አስገባ፤ አንዱ ክር ለማታ ጉዞ፣ አንዱ ለፍሬን። ያንተ ስህተት የመጣው ከዚህ ነው፤ ዞረህ ስታይ የጉዞው ክር ይበራልሃል፣ የፍሬኑን ግን ከእኔ ነበር የምትሰማው። አዲስ ሽፋንም ገጠመ። የባልዲዋን ቁራጭ «ልጣለው?» ሲለኝ ጣለው አልኩት።

አንተን ሲቀብሩ «ሐቅ አለኝ የሚል ይናገር፤ አውፍ በሉት» ተብሎ ሲጠየቅ ሐሰንም እዚያ ቆሞ አውፍ ማለቱን ወንድምህ ነግሮኝ ነበር። የማያውቀውን በደል ነው ይቅር ያለው ብዬ አሰብኩ፤ ያ ደግሞ እንደ ይቅርታ የሚቆጠር አልመሰለኝም። መሐላህን ከእኔ በቀር የሚያነሳልህ የለም። ስለዚህ ጎብዬ ሄድኩ።

ባለባጃጆቹ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ሐሰንን ለብቻው ጠርቼ ሁሉንም ነገርኩት። ሰምቶኝ ሲያበቃ «አልበራም ነበር። አውቃለሁ። ዓይኔ ደህና ነው» አለኝ።

«ታዲያ መቃብሩ ላይ አውፍ ያልከው አውቀህ ነው?»

«ሳላውቅማ ለምን እላለሁ እትዬ? በሐሰት የማለ መስሎኝ፣ በዚህ አላህ እንዳይጠይቀው ብዬ ነው። አምኖሽ መሆኑን ገና አሁን ከአንቺ ሰማሁ።»

«ለእኔስ?» አልኩት።

ወደ ጓደኞቹ አገጩን ቀሰረ። «መጀመሪያ ለእነሱ ንገሪ።»

ሃያ ዓመት ክፍል ውስጥ ቆሜ አስተምሬያለሁ፤ እንደዚያ ቀን ድምፄ ያነሰበት ጊዜ የለም። «ሐሰን እውነቱን ነበር። መብራቱ አልበራም። ባለቤቴ የማለው እኔን አምኖ ነው፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ» አልኳቸው። አንዱ ጫት የያዘ ጉንጩን አስተካክሎ «እና አሁን መነጽርን ምን ብለን ልንጠራው ነው?» አለ። ሌላው «ስምማ ከወጣ ወጣ» አለው። ሳቁ። ሐሰንም ሳቀ።

እንደገና ጠየቅኩት። ሳቁን ትቶ አየኝ። «ለሞተ ሰው አውፍ ማለት ቀላል ነው፤ ከሰውዬው የሚጠበቅ ነገር የለም። አንቺ በሕይወት አለሽ። ጊዜ ስጪኝ» አለኝና ተሳፋሪ ጠርቶት ሄደ።

ልክ ነው፤ እጠብቃለሁ። መንገዳችን አንድ ስለሆነ በየቀኑ ማለት ይቻላል ከኋላዬ ይመጣል፣ ወይ ከፊቴ ይሄዳል። እጁን ያነሳልኛል። ሌላ አይጨምርም።

እንድሬ፣ ሰው ስላንተ ሲያወራ ለጋስነትህን ያነሳል፣ የዱዓ ድምፅህን ያነሳል። ያንሱ፤ እሱን እነሱ ይያዙት። እኔ የምይዘው ሌላ ነው። በሄድኩበት፣ ስምህ በተነሳበት ሁሉ፣ ዓይኑ ያላየውን በሚስቱ ቃል ብቻ የማለ ሰው ነበር እላለሁ፤ ቀጥዬም ሚስቱ ምን እንዳደረገች እናገራለሁ። ሁለቱን ሳልነጣጥል።

ዘሃራ